ለእንጨት በርሜል የሚሆን ረጅም መላጊያ፦ በወይራና በባሌስትራ

የቀፎ ሰፈር (ጎንደር)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው የእንጨት ባልዲ ፎቶ ስለጥፍ ብዙ ሰው «መላጊያውን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አጭር ነው። አይሸጥም፣ ይሠራል። አሠራሩ ግን ረዘም ስለሚል ለብቻው ክር ከፈትኩ።

መጀመሪያ ሥራውን ለማያውቀው ላስረዳ። የእንጨት በርሜል ኮላ የለውም። ሚስማርም የለውም። ጎን ለጎን የቆሙ ጣውላዎች ናቸው። ከውጭ የብረት ቀለበት ጠፍንጎ ይይዛቸዋል፣ ከታች ደግሞ ክብ ወለል ቦይ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ጠጁን ወይም ውሃውን የሚይዘው የጣውላዎቹ ጠርዝ እርስ በርሱ ስለሚገጥም ብቻ ነው። በመሃሉ ብርሃን ከታየ ያፈሳል።

እኛ አገር ይህን ዓይነት ዕቃ ብዙ አልለመድንም። ጠጁ በጋን ተጣለ፣ ውሃው በእንስራ ተቀዳ፣ ገበታውና ገንዳው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ወጣ። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ እጃቸው የተባረከ አናጺዎች ሞልተው ለዚህ ጠርዝ የሚሆን መላጊያ ግን ማንም ጋ የለም። ሱቅ ያለው አጭሩ የብረት መላጊያ ለበርና ለመስኮት ነው የሚሆነው።

የአውሮፓ በርሜል ሠሪዎች የሚጠቀሙበት መላጊያ እስከ 1 ሜትር ከ80 ይረዝማል። የሚቀመጠው ተገልብጦ ነው፤ ምላጩ ወደ ላይ ያያል። አንዱ ጫፍ በሁለት እግር ከፍ ይላል፣ ሌላው መሬት ይነካል። ባለሙያው ጣውላውን በሁለት እጁ ይዞ በመላጊያው ፊት ላይ ቁልቁል ይገፋዋል። መላጊያው አይንቀሳቀስም፣ የሚሄደው እንጨቱ ነው። ጃፓኖችም ለእንጨት ገንዳቸው የሚጠቀሙበት የተገለበጠ ረጅም መላጊያ አላቸው። ሁለቱም እዚህ የደረሱት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። የጣውላው ጠርዝ ጠባብ ነው፤ አንድ ሴንቲ ተኩል ቢሆን ነው። በዚያ ላይ መላጊያ ልንዳ ብትል ወዲያና ወዲህ ይወላገድብሃል። ሰፊ ፊት ላይ ጣውላውን ስትገፋው ግን ዘንበል የሚልበትን ልክ እጅህ ይቆጣጠረዋል።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። በዚህ ሥራ ቀለበቱንም፣ ቦይ ማውጫውንም፣ ሞርሳውንም እንደምንም ማብቃቃት ይቻላል። የዚህ መላጊያ ፊት ግን አይብቃቃም። ፊቱ ትንሽ ከጎበጠ የሚወጣው ጠርዝ ሁሉ ይጎብጣል። ሁለት የጎበጡ ጠርዞች ሲገናኙ ደግሞ ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል። አንድ ባልዲ 16 ጣውላ ካለው 16 መጋጠሚያ አለው ማለት ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

የኔ ልክ ይህን ይመስላል። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ስፋቱ 11 ሴንቲ፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ። ለባልዲና ለትንሽ በርሜል ይበቃል። እንጨቱ ወይራ ነው። ከአንድ ሳንቃ የወጡ ሦስት ንጣፎችን አጣብቄዋለሁ፤ ሁለቱ ጉንጮች (የግራና የቀኝ ጎኑ) 2 ሴንቲ ተኩል፣ መሃሉ ከምላጩ በአንድና በሁለት ሚሊ የሚሰፋ። መሃለኛው ከመጣበቁ በፊት ለሁለት ይቆረጣል። ምላጩ የሚተኛበት ቁራጭ 45 ዲግሪ ነው። ጠንካራ እንጨት ለሚልግ ሰው 50 ቢያደርገው ይሻላል፣ ቃጫውን አይነቅልበትም። ፊት ለፊት ያለው ቁራጭ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ፍቅፋቂው መውጫ እንዲያገኝ። መላጊያው ስለተገለበጠ ፍቅፋቂው ራሱ ወደ መሬት ይወርዳል። አፉ፣ ማለትም የምላጩ ጫፍ ብቅ የሚልበት ክፍተት፣ የሚመጣው ጣውላው ከሚገባበት ጫፍ ሲለካ አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ስትሠሩት አፉን ዝግ አድርጋችሁ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ በሞረድ ክፈቱት። ከ1 ሚሊ አይለፍ።

ምላጩን የሚይዘው በጉንጮቹ መካከል የገባ 12 ሚሊ ክብ ብረትና ከሥሩ የሚመታ የወይራ ሽብልቅ ነው።

ፊቱን ማቃናት የመጨረሻው ሥራ ነው። ምላጩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሽብልቁ ጥብቅ እንዳለ ይቃና። ሽብልቁ እንጨቱን ስለሚገፋው ባዶውን ብታቃኑት ምላጩ ሲገባ ይለወጥባችኋል።

ጥያቄ ካለ ጠይቁ።

* * *

ጣውላና ጠመኔ (አዘዞ)

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ ይህን ያህል ወይራ ከየት ይገኛል? ባህር ዛፍ ሞልቶ የለም እንዴ? ሁለተኛ፣ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ፊት በምን ይቃናል? እኔ ያለኝ ትልቁ ስኳድራ 60 ሴንቲ ነው።

* * *

የቀፎ ሰፈር (ጎንደር)

ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ለአጥር ደህና ነው። ቀጥ ብሎ መኖር ለሚገባው ዕቃ ግን አልመክርም።

ወይራ ከባድ ነው፣ ቃጫው የተጠቀጠቀ ነው፣ ሲታሽ እየለሰለሰ ይሄዳል። ገበሬው ድግሩን ከወይራ የሚያወጣው ወድዶ አይደለም። ይህ የኔ መላጊያ 13 ሊትር የሚሆን ይዘት ስላለው ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። ለተንቀሳቃሽ መላጊያ ይህ ቅጣት ነበር። ቁጭ ብሎ ለሚሠራ መላጊያ ግን ጥሩ ነው፣ ጣውላ ሲገፋበት አይነቃነቅም።

ከየት ላልከው፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ፈልግ። አሮጌ ምሰሶ፣ አሮጌ ጉበን፣ አሮጌ ሳንቃ። ቁም ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። አዲስ እንጨት ብታገኝ እንኳ ለዚህ አይሆንም፣ እርጥብ ነው። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለ2 ሴንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ይባላል። 10 ሴንቲውን አስበው። እሱም በጥላ ሥር ተደርድሮ፣ ጫፍ ጫፉ ሰም ተቀብቶ ነው። ጫፉ ክፍት ከሆነ ውሃው በዚያ ቶሎ ይወጣና ይተረተራል። እዚህ ማር አገር ነን፣ ሰም አናጣም።

ፊቱን ስለማቃናት ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከሌለህ ራስህ ሦስት አድርገህ ሥራ። ሁለት አይበቃም። ሁለት ዘንግ ብቻ ከሆነ አንዱ ጎብጦ ሌላው ሰርጉዶ ሊገጥሙ ይችላሉ፣ አንተም ቀና መስሎህ ትቀራለህ። ሦስት ሲሆኑ መደበቂያ የለም። አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ሦስተኛው ተመልሶ ከአንደኛው ጋር ብርሃን ሳያሳልፍ ከገጠመ ሦስቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። ከዚያ አንዱን ጠመኔ ቀባውና መላጊያው ፊት ላይ ጎትተው። ጠመኔ የነካው ቦታ ከፍ ያለው ነው። እሱን ብቻ ፋቅ፣ እንደገና ቀባ። ጠመኔው ዳር እስከ ዳር እኩል እስኪነካ ድረስ ነው።

መጠማዘዙንም አትርሳ። ሁለት እኩል ዘንጎች አንዱን በዚህ ጫፍ፣ አንዱን በዚያ ጫፍ አጋድምና ዝቅ ብለህ በአንድ ዓይን ተመልከት። ጫፎቻቸው ከተበላለጡ ፊቱ ተጣሟል።

* * *

ጋሽ መሮ

ልጆች፣ ሥራችሁ ደስ ይላል። እኔ ዕድሜዬን በእንጨት የጨረስኩ ሰው ነኝ። የምቃወመው አንድ ነገር አለ። መላጊያ ከአንድ ግንድ ነው መውጣት ያለበት። ተጣብቆ የተሠራ ነገር የኮላው ባሪያ ነው። ጎንደርን ታውቋታላችሁ። በጋው ሲበረታ አየሩ እንጨቱን ያደርቀዋል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጭጋጉ ቤት ውስጥ ይገባል። ሦስት ንጣፍ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ሲያብጥና ሲሸሽ መጋጠሚያው ላይ ደረጃ ይሠራል። ያ ደረጃ በጣውላህ ጠርዝ ላይ ይታተማል። አንድ ግንድ ቢያብጥም አንድ ላይ ነው።

መሮና መዶሻ ይዘህ አፉን ፈልፍለው። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

* * *

የቀፎ ሰፈር (ጎንደር)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉት ስለ አየሩ ትክክል ነው፣ ለዚህም ነው ሦስቱም ንጣፍ ከአንድ ሳንቃ የወጣው። የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበቶች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኙ አድርጌያለሁ፤ ሲያብጡም አብረው ነው የሚያብጡት። ከሦስት የተለያየ እንጨት ቢሆን ኖሮ እርስዎ እንዳሉት ደረጃ ይሠራ ነበር።

ከአንድ ግንድ ማውጣቱ ግን ሌላ ችግር አለው። ምላጩ የሚተኛበት ተዳፋት ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካልሆነ ምላጩ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ ላይ ማዕበል ይተዋል። 6 ሴንቲ ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ 10 ሴንቲ ወደ ታች፣ በደረቅ ወይራ ላይ በመሮ ያን ማስተካከል ከእርስዎ እጅ ሊወጣ ይችላል። ጀማሪ ግን መጋዝ ይዞ ተዳፋቱን ቆርጦ፣ በሌላ መላጊያ አስተካክሎ፣ ከዚያ ቢያጣብቀው ይቀናዋል ብዬ ነው።

* * *

ጋሽ መሮ

ገባኝ። ለጀማሪ እሺ። ግን ነጭ ኮላ ብቻውን አትመነው። ጉንጩን ከመሃሉ ጋር በየጫፉ የእንጨት ሚስማር ምታበት። ደግሞ አንድ ልጨምር። የግንዱ የቅርፊት ወገን ወደ ፊቱ ይሁን፣ ልቡ ወደ ጀርባ። የቅርፊት ወገን ያለው እንጨት ግጭት ይችላል። ቃጫው ደግሞ ጣውላው ከሚገባበት ተነስቶ ወደ ሚወጣበት ሲሄድ ወደ ፊቱ እየወጣ ይሂድ። ተቃራኒ ከሆነ ጣውላው በተገፋ ቁጥር ፊቱን እየላጠው ይሄዳል።

* * *

ባለ ጋራዥ

ማንም ስለ ምላጩ ብረት አልተናገረም፣ እኔ ልግባበት። ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪና ዝርግ የሞላ ብረት፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ከፒክአፕ የሚወጣው ስፋቱ 6 ወይም 7 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ለምላጭ ልክ ነው። ውፍረቱም ይጠቅማል፣ ወፍራም ምላጭ አይንቀጠቀጥም።

ነገር ግን እንዳለ አትጠቀሙበት። ባሌስትራ የተሠራው እንዲተጣጠፍ ነው። ጥንካሬው ለመኪና እንጂ ለስለት አይበቃም፣ ወይራ ላይ ቶሎ ይደንዛል። ከቻላችሁ እንደገና አጠንክሩት።

አካሄዱ ይህ ነው። መጀመሪያ አግላችሁ ጉብጠቱን በመዶሻ አቃኑ። ከዚያ እንደገና አግሉትና አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩት፣ ይለሰልሳል። ለስልሶ እያለ ቁረጡት፣ ጀርባውን አስተካክሉ፣ ስለቱን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሞርዱት። ጫፉን ግን ገና ስስ አታድርጉት፣ አንድ ሚሊ ያህል ተዉለት፤ ስስ ጫፍ እሳት ውስጥ ይቃጠላል፣ ሲጠነክርም ይሰነጠቃል። ቀጥሎ የስለቱን ወገን አግሉት። ልኩን ማግኔት ይነግራችኋል። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉና ሞቅ ያለ የምግብ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት። ውሃ ውስጥ አታድርጉ፣ ባሌስትራ በውሃ ይሰነጠቃል። እሳት ሊነሳ ስለሚችል ውጭ ሥሩ፣ የብረት ክዳን አጠገባችሁ ይኑር።

አሁን ብረቱ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል። ፊቱን አጽዱና 200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት። የጸዳው ፊት ደብዘዝ ያለ የገለባ ቀለም ሲይዝ ደርሷል። ሰማያዊ ከሆነ አልፏል፣ ለስልሷል። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ምላጩ ጥርስ በጥርስ ይሆንበታል።

* * *

የወለቃ መንገድ

ባለ ጋራዥ እንዳለው ነው። ምድጃ የሌለው ሰው ደግሞ ወደ ቀጥቃጭ ይሂድ። ወናፍና ከሰል ያለው፣ የብረት ቀለም በዓይኑ የሚያነብ ሰው ነው። ማረሻ ሲሠራ የኖረ እጅ ለዚህ ባዳ አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ጎንደር ይህን ሙያ ያገኘችው በነዚህ ሰዎች ነው። የነገሥታቱ ግንብ ሲሠራ ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በአናጺነትና በቀጥቃጭነት አገልግለዋል። ሲያገለግሉም ሲናቁም ኖረዋል። ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው መንደራቸው ወለቃ የሚታወቀው በሸክላና በብረት ሥራ ነበር። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎችና በኋላም ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከነሱ ጋር የሄደው እውቀት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዛሬ ቀጥቃጭ ጋ ስትሄዱ ዋጋ ከመከራከር በፊት ቁጭ ብላችሁ ሥራውን እዩ፣ ጠይቁ። ደግሞ ንድፉን በካርቶን ቆርጣችሁ ውሰዱለት፣ በቃል አትንገሩት።

* * *

የጌሾ ቤት

እኔ ከእንጨቱ ይልቅ ከጠጁ ወገን ነኝ። እናቴም እኔም ጠጅ ጥለን ነው ያደግነው። አሁን ሁሉም ፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ይጥላል፤ እኔ አልወደውም። የእንጨት በርሜል ቢኖረኝ ደስ ይለኛል። ግን የጎኑ ጣውላ ከምን ይሁን? ጥድ አገኛለሁ የሚል ሰው አለ፣ ሽታው ግን ያስፈራኛል። ሌላው፣ እኛ ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ ነው የምናጥነው። እንጨቱን ብናጥነው አይደርቅብንም? አይከፈትም?

* * *

የቀፎ ሰፈር (ጎንደር)

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ጥድ ለቁም ሣጥን ግሩም ነው፣ ለጠጅ አይሆንም። ጠጁ የማሩንና የጌሾውን ጠረን ትቶ የጥድ ይሆናል።

ዋንዛ እመርጣለሁ። ለመላግ ቀላል ነው፣ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ከበሮና ቀፎ ሲሠራበት የኖረ ነው። ግን ከየትም አትግዢ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ሕግ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከገበሬ ማሳ ላይ የወጣ ወይም ከአሮጌ ቤት የተረፈ መሆኑን ጠይቂ።

አውሮፓውያኑ በርሜላቸውን ከነጭ ኦክ ነው የሚሠሩት። የዚያ እንጨት ቀጫጭን ቱቦዎች በተፈጥሮ ይደፈናሉ፣ ስለዚህ ፈሳሽ አያሳልፍም። ቀዩ ኦክ ግን ክፍት ነው፤ በአንዱ ጫፍ ነፍተሽ በሌላው አረፋ ማውጣት ይቻላል። ከዚህ የምንማረው የትኛውንም እንጨት ቢሆን ከመሥራታችን በፊት መፈተን እንዳለብን ነው። ከጣውላው ቁራጭ ወስደሽ አንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረሽ በሌላው ንፊ። አረፋ ከወጣ ለጠጅ አይሆንም። አሰነጣጠቁም ወሳኝ ነው። ጣውላው ከግንዱ መሃል ወደ ቅርፊቱ በሚሄድ መስመር መውጣት አለበት። እንዲህ ሲሆን ሲያብጥ በውፍረቱ በኩል ነው ይበልጥ የሚያብጠው፣ ፈሳሽም በቀላሉ አያልፈውም።

ለማጠኑ፣ አጥኚው። ችግሩ ጭሱ ሳይሆን ከጭሱ በኋላ ባዶውን ማስቀመጥ ነው። ታጥኖ ሲበርድ ወዲያው ውሃ ሙይበት። መጀመሪያ ያፈሳል፣ አትደንግጪ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ጠርዝ ከጠርዝ ይጣበቃል። ማፍሰሱ ካቆመ በኋላ ደፍተሽ ጠጅሽን ጣይበት። ጠጅ የሌለበት ጊዜ ውሃ ይኑረው፣ ከጥላ ሥርም አይውጣ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ባዶውን የተተወ በርሜል ቀለበቱ ወልቆ ይወድቃል።

ብረት ከጠጁ ጋር አይገናኝ። የእንጨቱ መራራነትና ብረት ሲገናኙ ጥቁር ያወጣሉ። ቀለበቱ ውጭ ነው፣ ችግር የለውም። የወለሉ ጣውላዎች ግን እርስ በርስ የሚያያዙት በእንጨት ሚስማር ይሁን።

* * *

ጣውላና ጠመኔ (አዘዞ)

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የመላጊያው ፊት ጠፍጣፋ ነው። የጣውላው ጠርዝ ደግሞ ዘንበል ማለት አለበት፣ አለበለዚያ ክብ አይሠራም። ዘንበል የሚለው ምን ያህል ነው? በምን ይለካል?

* * *

መምህር ኮምፓስ

ይህ የኔ ድርሻ ነው፣ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ።

ጣውላዎቹ እኩል ስፋት ካላቸው 180ን ለቁጥራቸው ታካፍላለህ። 16 ከሆኑ እያንዳንዱ ጠርዝ ከቀጥታው 11.25 ዲግሪ ዘንበል ይላል። 20 ከሆኑ 9 ዲግሪ። ስፋታቸውንም እንዲሁ ታወጣለህ። 30 ሴንቲ ዲያሜትር ያለው ባልዲ ዙሪያው 94.2 ሴንቲ ነው፤ ለ16 ሲካፈል 5.9 ሴንቲ ይመጣል።

በተግባር ግን ጣውላ ሁሉ እኩል አይወጣም፣ እኩል ለማድረግ ብሎ መጣልም ብክነት ነው። ስለዚህ ዲግሪ አትለካ። ኮምፔንሳቶ ላይ ልክ ሥራ። በኮምፓስ 15 ሴንቲ ሬዲየስ ያለው የክብ ቁራጭ አስምር። ከዚያ ከክቡ መስመር ተነስቶ ወደ መሃል ነጥቡ የሚሄድ ቀጥተኛ መስመር አስምር። በሁለቱ መስመሮች መካከል ጣውላው የሚገባበትን ጥግ ቆርጠህ አውጣ። የጎበጠው ወገን የጣውላውን ውጭ ጀርባ ሲነካ፣ ቀጥተኛው ወገን ደግሞ ጠርዙ ላይ ብርሃን ሳያሳልፍ ከተኛ፣ ልክ ነው። ጣውላው 4 ሴንቲም ይሁን 8 ሴንቲ ይኸው ልክ ይሠራል፣ ምክንያቱም የትኛውም ጠርዝ ወደ መሃል ማየት ብቻ ነው ያለበት።

በዚህ ጂኦሜትሪ ውስጥ እኔን የሚያስደስተኝ አንድ ነገር አለ። ባልዲው ከታች 30፣ ከላይ 26 ሴንቲ ቢሆን ጣውላው ከ5.9 ወደ 5.1 ይጠብባል። ስፋቱና ሬዲየሱ አብረው ስለሚቀንሱ ዝንባሌው ከላይ እስከ ታች አይለወጥም። ሆዱ የተነፋ በርሜልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጣውላውን ስትገፋው እጅህን በአንድ ዝንባሌ መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ጠፍጣፋ ፊት ያለው መላጊያ ለክብ ዕቃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

* * *

ጠፍር

ሰላም። ቀለበቱን በብረት ፋንታ በጠፍር ብናደርገውስ? አልጋውም ቀንበሩም በጠፍር ነው የሚታሰረው። ርካሽም ነው፣ ያምራልም።

* * *

ጋሽ መሮ

ልጄ፣ ጠፍር እርጥብ ሆኖ ይታሰርና ሲደርቅ ይጠብቃል። ለከበሮ፣ ለአልጋ፣ ለቀንበር ግሩም ነው፤ ደረቅ ሆነው ስለሚኖሩ። ባልዲ ግን ሥራው እርጥበት ነው። ውሃው ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ያኔ ቀለበቱ አጥብቆ መያዝ አለበት። ጠፍሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ውሃ ጠጥቶ ይላላል። በሚያስፈልግህ ጊዜ ይከዳሃል። ለእህል ማስቀመጫ ከሆነ አድርገው፣ ለውሃና ለጠጅ ግን ላሜራ ቆርጠህ ጫፍና ጫፉን በሚስማር አጣብቀህ ቀጥቅጥ። ቀለበቱ ከጠባቡ ወገን ገብቶ ወደ ሰፊው እየተመታ ይጠብቃል።

* * *

የጌሾ ቤት

ጋሼ እናመሰግናለን። አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ምላጩ ወደ ላይ የሚያይ መሣሪያ ቤት ውስጥ ልጅ እያለ እንዴት ይሆናል?

* * *

የቀፎ ሰፈር (ጎንደር)

ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረበት፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። ሥራ ሲያልቅ ሽብልቁ ይመታል፣ ምላጩ ይወጣል፣ ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ሁልጊዜ። «ነገ እቀጥላለሁ» ተብሎ አይተውም። በሥራ ላይ ደግሞ ከ30 ሴንቲ ያጠረ ጣውላ በባዶ እጅ አይገፋበትም። ጣት ከጣውላው ሥር አይለፍ፣ መዳፍ ከላይና ከጀርባ ይሁን። ጣውላው መጨረሻ ላይ ሲደርስ እጅ ወደ አፉ መከተል ይወድዳል፣ እዚያ ጋ ተጠንቀቁ። ፍቅፋቂ ከታነቀ ከታች በኩል በእንጨት ይጎትቱት እንጂ በጣት ከላይ አይነካም።

የመላጊያውን ፊት በሰም ማሸትም ለደኅንነት ነው። ጣውላው በቀላሉ ከተንሸራተተ ኃይል አትጨምሩም። ኃይል ስትጨምሩ ነው እጅ የሚያመልጠው።

* * *

ጣውላና ጠመኔ (አዘዞ)

የመጨረሻ ጥያቄ። ወለሉ የሚገባበት ቦይ በምን ይወጣል? በመሮ ልሞክር?

* * *

የቀፎ ሰፈር (ጎንደር)

በመሮ አይሆንም፣ ዙሪያውን በአንድ ጥልቀት ማስኬድ አትችልም። ሌላ ትንሽ መሣሪያ ሥራ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከወይራ ወይም ከማንኛውም ጠንካራ እንጨት ግማሽ ክብ ሰሌዳ ቁረጥ። ይህ በተገለበጠው ባልዲ የታች ጠርዝ ላይ ተኝቶ እየተንሸራተተ የሚዞር ነው። ከሥሩ፣ 2 ሴንቲ ተኩል ያህል ወረድ ብሎ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ጥርስ ግጠምለት። ጥርሱን ከአሮጌ መጋዝ ቁራጭ ማውጣት ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ጎን ለጎን ሆኖ 4 ሚሊ ስፋት እንዲኖረው አድርግ። ወደ ውጭ የሚወጣው 5 ሚሊ ብቻ ይሁን። ጣውላህ 15 ሚሊ ውፍረት ካለው ቦዩ ሲሶውን በላ ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ከሄድክ ጣውላው እዚያ ጋ ይሰበራል።

ቦዩ ሲያልቅ የወለሉን ልክ ለማግኘት ዲያሜትር አትለካ። ኮምፓሱን ቦዩ ውስጥ እያስገባህ ዙሪያውን አራምደው። በትክክል ስድስት እርምጃ ተራምዶ መነሻው ላይ ሲያርፍ የኮምፓሱ መክፈቻ የወለሉ ሬዲየስ ነው። በዚያው ልክ ወለሉን አስምርና ቁረጥ። ጠርዙን ከሁለቱም ወገን ተዳፋት አድርገህ ሞርደው፣ ቦዩ ውስጥ እየጠበቀ እንዲገባ።

የታችኛውን ቀለበት ትንሽ አላልተህ ወለሉን አስገባ፣ ከዚያ ቀለበቱን መልሰህ ምታ። መምህር ኮምፓስ ባወጣው ልክ ከሠራኸው፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ከሆነ 13 ሊትር ገደማ ይይዛል። አዘዞ ያለህ ከሆነ የሦስቱን ዘንጎች ሥራ አብረን ማየት እንችላለን፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።